አርባ ሦስቱ የ«ደንገል» ሰነዶች

ምንይችል ዘገየ የሰብዓዊ ንባብ ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት የቢሮው በር ፊቱን አይቶ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብሎ ሲጠራ፣ ከኋላው ለተሰለፈው ሰው በሩ ራሱ «ምን ይችል፣ ዘገየ» እያለ የሚያዝንለት ይመስል ነበር። ምንይችል በዚህ ቀልድ ከማንም ቀድሞ መሳቅ የጀመረው በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቀድሞ የሳቀ ሰው ብዙ አይሳቅበትም ብሎ ያምናል።

ሥራው ማንበብ ነው። በዚያ ዘመን ዕቃውን የሚሠራውም፣ የተሠራውን የሚመረምረውም፣ ለተመረመረው ምስክር ወረቀት የሚጽፈውም ማሽን ስለሆነ፣ ሕጉ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው እንዲገባበት ያዛል። ሰውየው ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር በራሱ ዓይን ያነባል፤ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ይላል፤ በእጁ ይፈርማል። ነገሩ ኋላ ቢበላሽ የሚታሰር ሰው መኖር አለበት፤ ማሽን አይታሰርም። ምንይችል ድልድይ አንብቧል። የውሃ ታንከር፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ የእህል ወፍጮ፣ አንድ ጊዜም አርባ ሺህ የሕፃናት ጡጦ አንብቧል። አንዱም አልገባውም።

አለመግባቱን ማንም እንዳያውቅበት ግን ዘዴ ነበረው። አንባቢ ሁሉ ሥራ ላይ ሲሆን ከጆሮው ጀርባ «ልቦና» የምትባል የባቄላ ፍሬ የምታክል መብራት ይለጠፍበታል። የሚያነበው ሲገባው አረንጓዴ፣ ሐሳቡ ሲሸፍት ቀይ ትበራለች። ምንይችል በተቀጠረ በሦስተኛው ወር አንድ ነገር ደረሰበት፦ ልቦና ሰውየው የሆነ ነገር እየገባው መሆኑን እንጂ ምን እየገባው መሆኑን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን በመስመሮቹ ላይ እየነዳ በልቡ ገበጣ ይጫወታል። ጠጠሮቹን ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘራ፣ የባላጋራውን ቤት ሲዘርፍ፣ መብራቷ እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆና ትውላለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በገበጣ ተሸንፎ አያውቅም፤ ባላጋራውም ራሱ ነበር።

ዘዴው ቤት ውስጥ ብቻ አልሠራለትም። ባለቤቱ ወይዘሮ ታንጉት ከገበያ ያገለገለች ልቦና ገዝታ አንድ ማታ እራት ላይ ለጠፈችበትና የእህቷን ልጅ የሠርግ ነገር አወራችው። መብራቷ አረንጓዴ በራች። ታንጉት ደስ አላትና «እስቲ ምን አልኩህ?» አለችው። ለአራት ቀን አልተነጋገሩም።

በመጋቢት ወር፣ አንድ ሰኞ፣ ቢሮው ወደ ባሕር ዳሩ መርከብ መገንቢያ ላከው። በጣና ላይ ከተማውንና ደሴቶቹን የምታገናኝ ባለሁለት ፎቅ አዲስ የመንገደኛ መርከብ አልቃለች። አካሏ ሐይቁን ለሁለት ትውልድ አንቆ ከኖረው እምቦጭ ታምቆ የተሠራ ነው፤ ስሟን ግን በታንኳ መሥሪያው ተክል «ደንገል» አሏት። «እምቦጭ» በምትባል መርከብ ማን ይሳፈራል?

በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዘበኛውና የርክክብ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ። አቶ ልሳነወርቅ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁን የሚያፋትግ ሰው ነው። ምንይችልን መስኮቷ ወደ ሐይቁ ወደምታይ ጠባብ ክፍል አስገባውና ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን ወረቀት አሳየው።

«አርባ ሦስት ሰነድ ነው» አለው። «የገንቢው ምስክር ወረቀት አለ፤ ይህችን መርከብ የሠራኋት እኔ ነኝ ይላል። የልኬቱ አለ፣ የእሳት መከላከያው አለ፣ የነፍስ አድን ዕቃው አለ፣ የሙከራ ጉዞው ቃለ ጉባኤ አለ፣ ኧረ ምኑ ቅጡ። አርባ ሁለተኛው ከእሱ በፊት ያሉት አርባ አንዱ ሰነዶች ሰነድ መሆናቸውን ያረጋግጣል።»

«አርባ ሦስተኛውስ?»

«የርክክብ ቃለ ጉባኤው ነው። እሱን ሐሙስ በበዓሉ ላይ፣ ሰው ፊት ነው የሚፈርሙት። ሙዚቃም አለ።»

ምንይችል ልቦናን ከጆሮው ጀርባ ለጠፈ፣ የመጀመሪያውን ሰነድ ገለጠ፣ በልቡም የገበጣውን ጠጠሮች ደረደረ። ሁለት ቤት እንደ ዘረፈ በሩ ተንኳኳ። የገባችው በአርባዎቹ ያለች፣ ፊቷን የሐይቅ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጎማ ጫማ ያደረገች ሴት ናት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አትጠገብ ሙሉ እባላለሁ። ካፒቴኗ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ካፒቴን፣ ከርክክቡ በፊት ሰነዱን መንካት አይፈቀድልዎትም።»

«አልነካም። መጠየቅ ተከልክሏል?»

ምንይችል አሰበ። መጠየቅ አልተከለከለም። እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ማንም ሊከለክለው አላሰበም። አትጠገብ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የደቅ ደሴት ልጅ ናት፤ አባቷም አያቷም በዚህ ሐይቅ ላይ ኖረዋል። አሮጌውን ጀልባ አሥራ ሁለት ዓመት ነድታዋለች።

«ይሄ ምን ይላል?» አለችው፣ ጣቷን ሳታስነካ ወደ ገጹ እያመለከተች።

ምንይችል መስመሩን አየው። አረፍተ ነገሩ ከገጹ ጫፍ ተነሥቶ ሳያርፍ እስከ ግርጌው ይወርዳል። ከጆሮው ጀርባ ያለችው መብራት ቀይ ሆነች። ገበጣውን ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀይ ነበረች።

«እ... ስለ መርከቧ ነው» አላት።

«እሱንማ ገመትኩ።»

«ቴክኒካዊ ነው።»

«ጋሼ፣ ይቺን መርከብ ከነሰዉ የምነዳት እኔ ነኝ። ካልገባዎት አልገባኝም ይበሉኝና አብረን እንየው። ሐይቁ መሐል ደርሶ ከመማር ይሻላል።»

ምንይችል ሽንጡን ገትሮ «ኧረ ገብቶኛል» ሊል ነበር። ግን ቀይዋ መብራት በመስኮቱ መስታወት ላይ ፍም መስላ ትታየዋለች። ጉሮሮውን ጠረገና መስመሩን ከላይ ጀምሮ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን አነበቡ። እሱ ያነባል፣ እሷ «ቆይ፣ ምን ማለት ነው?» ትላለች፣ እሱ ላብ በላብ ይሆናል፣ ከዚያ ሁለቱ ተጋግዘው አረፍተ ነገሩን እንደ ዓሣ ይበልቱታል። አንዳንዱን ገጽ ስትሰማ እሷ ትስቃለች፤ «ይሄን ሁሉ ያለው ገመዱ ሁለት ነው ለማለት ነው?» ምንይችልም ይስቃል፤ ሳቁ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። የሕፃናቱ ጡጦ ትዝ እያለው ነው። ስለ ጡጦዎቹ የሚያስታውሰው ዘጠኝ ለአራት ማሸነፉን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሃያ ሰባተኛው ሰነድ ላይ ደረሱ። የሚዛን መጽሐፍ ይባላል፤ መርከቧ ስንት ሰውና ምን ያህል ጭነት፣ የት የት ላይ ብትይዝ እንደማትገለበጥ የሚናገር ነው። ምንይችል አሁን ማንበቡ ትንሽ ተሳክቶለት ስለነበር በኩራት ዓይነት ድምፅ አነበበ።

«መንገደኛ፣ አንድ መቶ ሃያ። የአንድ መንገደኛ አማካይ ክብደት፣ ስድሳ ሁለት ኪሎ። መንገደኛው የሚይዘው ዕቃ አማካይ ክብደት፣ ሦስት ኪሎ።»

አትጠገብ አልሳቀችም።

«ስንት አሉ?»

«ሦስት ኪሎ።»

«ከደቅ ለገበያ የሚመጣ ሰው? ሦስት ኪሎ? ጋሼ፣ ጌሾ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ነጠላዋ ብቻ ሦስት ኪሎ ይሆናል።»

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግርጌው ላይ በደቃቁ ተጽፎ ነበር። ማሽኑ ለአምስት ዓመት መንገደኞችን መዝኗል፤ አልዋሸም። የመዘነው ግን ሚዛን ባለበት ቦታ ብቻ፣ በከተማው ወደብ በኩል ሲሳፈሩ ነው። በከተማው በኩል የሚሳፈረው ደግሞ ገበያ ውሎ፣ ሸጦ፣ ሳሙናና ጨው ይዞ፣ ባዶ ጆንያውን አጥፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። ከደሴቱ በኩል ሲመጣ ማንም መዝኖት አያውቅም። በደሴቱ በኩል ሚዛን የለም።

«ሰዉስ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ ምንይችል። ይህን ሲጠይቅ ራሱን ሰማው። ሰነድ እያነበበ ሳለ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«ላይኛው ፎቅ ነዋ። ታች ሙቀቱ አያስቀምጥም። ዕቃውንም ከዓይኑ አያርቅም፤ አስቀድሞ ሰቅሎ ነው የሚወጣው።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ የወደቡን ሚዛን ገፍተው አሮጌው ጀልባ በሚራገፍበት ቦታ አቆሙ። ምንይችል እርሳስ ያዘ። ሰዉ መጀመሪያ ቀረጥ መስሎት አጉረመረመ፤ አትጠገብን ሲያይ ግን እየሳቀ ተሰለፈ። እማዋይሽ የምትባል አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ጌሾዋን ሚዛኑ ላይ ስታሳርፍ ሠላሳ አራት ኪሎ አለ። አንድ ሰው ሁለት በግ አስመዘነ። ከገዳም የመጡ አንድ አዛውንት መነኩሴ የተበላሹ ሦስት የፀሐይ ባትሪዎች በአኩፋዳቸው ይዘው ነበር፤ ሃያ ስምንት ኪሎ። አርባ ሰው መዘኑ። አማካዩ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ሆነ።

ምንይችል ቁጥሩን ለአቶ ልሳነወርቅ ወሰደለት። አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ እጅ አዘዋወረው።

«አቶ ምንይችል፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር እኮ ሰነድ አይደለም» አለው በሐዘን። «ደግሞ እንግዶቹ ተጠርተዋል።»

ምንይችል ከዚያ እዚያው ከተማ ወዳለው ቢሮው ሄደ። የቢሮው አለቃ ሰው አይደለም፤ ሠራተኞቹ «መዝገቤ» የሚሉት፣ ከግድግዳው ውስጥ እጅግ በጨዋ አንደበት የሚናገር ድምፅ ነው።

«እንደምን ዋሉ አቶ ምንይችል? ዛሬም አልዘገዩም።»

«‹ደንገል› ላይ አልፈርምም።»

«ምክንያትዎን ይምረጡ። ሕመም፣ ሐዘን ወይስ ከገንቢው ጋር ዝምድና?»

«ትገለበጣለች።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደማትገለበጥ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አለ።»

«የዕቃው ክብደት ተሳስቷል።»

«የዕቃው ክብደት በአሥራ ዘጠነኛው ሰነድ ተረጋግጧል። ሐዘን ልበልልዎት? ሐዘን ሦስት ቀን ያሰጣል። ሌላ አንባቢ እንልካለን።»

ሌላው አንባቢ ማን እንደሚሆን ምንይችል ያውቀዋል። ከእሱ ጎን የሚቀመጠው ሰው ነው፤ ልቦናን የሚሸውዳት ስለ እግር ኳስ እያሰበ ነው።

«ሌላ ምክንያት የለም?»

መዝገቤ ዝርዝሩን እስከ ግርጌው አየ። «አንድ አለ። ‹አንባቢው አልገባውም› የሚል። እስከ ዛሬ የመረጠው ሰው የለም።»

«ብመርጠውስ?»

«ርክክቡ ወዲያው ይቆማል። ገንቢውም ነገሩን አንባቢው እስኪገባው ድረስ በተግባር ያሳየዋል። ከዚህም ጋር አንባቢው ከዚህ በፊት የፈረመባቸው ሰነዶች በሙሉ ይጠረጠራሉ። የእርስዎ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የጡረታዎም ነገር እስከዚያው ይቆያል። ሁለት ዓመት ነበር የቀረዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት።»

ምንይችል ጀግና ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይመርጠው ነበር። ጀግና አልነበረም። «ላስብበት» ብሎ ወጣ፤ መንገዱን ሙሉ ያሰበውም ለአትጠገብ በጆሮዋ «ብዙ ሰው አትጫኚ» ብሎ ፈርሞ ስለ መገላገል ነበር። ቤቱ ገብቶ ለታንጉት ነገራት። ሁሉንም፣ ገበጣውን ጨምሮ።

ታንጉት ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችው። ሲጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ስለ ገበጣው አውቃለሁ» አለችው። «ከንፈርህ ይቆጥራል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ‹አልገባኝም› ብለኸኝ አታውቅም። ሁልጊዜ ‹እሺ› ነው። ሰው እንዴት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁሉ ነገር ይገባዋል?»

«እሺ» አለ ምንይችል፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ሐሙስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ደንገል» በሪባን ተጠቅልላ፣ ነጭ ሆና፣ ከውሃው ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ድንኳን ተተክሏል፣ ሙዚቃው ይጫወታል፣ ከደሴቶቹም ብዙ ሰው መጥቷል። ምንይችል አዲስ ሱፉን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። አርባ ሁለቱን ሰነዶች በየገጻቸው ፈርሞባቸው አድሯል፤ የቀረው አርባ ሦስተኛው ነው። ካልፈረመበት ሌሎቹ ሁሉ ከንቱ ናቸው፤ ሲፈርምበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራሉ። ሊፈርም ወስኗል። እጁ ብዕሩን ይዟል። ድምፅ ማጉያው አፉ ሥር ነው። የመዝገቤ ድምፅ በድንኳኑ ሁሉ አስተጋባ፦ «አንባቢው አንብበው ተረድተዋል?»

ምንይችል ከልማዱ የገበጣውን ጠጠሮች በልቡ ፈለገ። አላገኛቸውም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ላይኛው ፎቅ፣ የጌሾ ጆንያ፣ በጎቹ፣ ባትሪዎቹ፣ መቶ ሃያ ሰው፣ የሚዛን መጽሐፉ ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ያለው ሦስት ኪሎ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ያለ ምንም ጭጋግ፣ ፊቱ ተዘረጋ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ የገባው ነገር የለም። ከጆሮው ጀርባ ያለችው መብራት ሕዝቡ ሁሉ እስኪያያት ድረስ አረንጓዴ ነደደች።

«አልገባኝም» አለ ምንይችል።

ሙዚቀኞቹ ሰው ተሳስቶ መስሏቸው አንድ ሁለቴ መቱና አቆሙ።

«ልቦና እንደምታሳየው ገብቶዎታል» አለ መዝገቤ። «እንደውም በቢሮው ታሪክ ከፍተኛው ነው።»

«አልገባኝም አልኩ!»

ሕዝቡ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ምንይችል በሕይወቱ አንድ ነገር በትክክል የገባው ዕለት እንዳልገባው ሊምልበት መሆኑን ሲያስብ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው። 

«እንግዲያው» አለ መዝገቤ፣ ትዕግሥቱ ሳይቀንስ፣ «ያልገባዎትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።»

ምንይችል ሕዝቡን አየ። ከፊት ረድፍ ያቺን አጭር ሴት አገኛት።

«ወይዘሮ እማዋይሽ ሠላሳ አራት ኪሎ ጌሾዋን የት እንደምታስቀምጠው አልገባኝም።»

  መዝገቤ አርባ ሦስቱን ሰነዶች ሁሉ ፈልጎ፣ እማዋይሽን አጥቶ፣ ጌሾን አጥቶ፣ በመጨረሻ «መልስ አልተገኘም። ርክክቡ ቆሟል» ለማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ፈጀበት። አቶ ልሳነወርቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እማዋይሽ ብቻ ተነሥታ «ላይ ነዋ!» ብላ ጮኸች። «ታች ማን ይቀመጣል?»

ሕጉ «በተግባር ያሳየው» ስለሚል፣ ቅዳሜ «ደንገል» በስድስት ወፍራም ገመድ ከወደቡ ጋር ታስራ፣ ለገበያ የመጣው ሕዝብ ከነዕቃው እንዲሳፈርባት ተደረገ። አቶ ልሳነወርቅ ከወደቡ ላይ ሆኖ ይቆጥራል። ምንይችል ማየት ያለበት እሱ ነውና ላይኛው ፎቅ ላይ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። ሰዉ እየተሳሳቀ፣ እየተጋፋ፣ ታችኛውን ፎቅ በር ላይ ብቻ እያየ ወደ ላይ ወጣ። ሃምሳ ሰው ላይ ምንም የለም። ሰባ አምስት ላይ ወለሉ ልክ እንደሚያንቀላፋ ሰው አንዴ ሸተት ብሎ ተመለሰ። አቶ ልሳነወርቅ «ይህ የተለመደ ነው» ብሎ ጮኸ።

ሰማንያ ስምንተኛው ሰው በጉን እየጎተተ ሲገባ «ደንገል» እንደ ሰው ተነፈሰችና ወደ ሐይቁ በኩል አዘነበለች፤ አልተመለሰችም። ገመዶቹ ተወጥረው ጮኹ። ጆንያዎቹ ተንሸራተቱ። ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ ጮኾ ወደ ወደቡ በኩል ሊሮጥ ሲል የአትጠገብ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ።

«ማንም እንዳይሮጥ! ባላችሁበት ቁጭ በሉ! እናት፣ ጌሾውን ልቀቂው! ልቀቂው አልኩ!»

ሰዉ ቁጭ አለ። አንድ ሙክት ብቻ ትእዛዙን ሳይሰማ ከአጥሩ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ምንይችል ምሰሶውን በሁለት እጁም በሁለት እግሩም አቅፎ፣ ሱፉ ተቀዶ፣ ውሃውን ከፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ያየዋል። መዋኘት አይችልም። የመርከብ ሰነድ የሚያነብ ሰው መዋኘት ይችል እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

«አቶ ምንይችል!» ብሎ ተጣራ አቶ ልሳነወርቅ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ገባዎት?»

«ገባኝ!» ብሎ ጮኸ ምንይችል። «ገባኝ! አውርዱኝ!»

ሰዉ አንድ በአንድ ወረደ። ማንም አልተጎዳም፤ ሙክቱንም አንድ ዓሣ አስጋሪ በታንኳ አወጣው። አቶ ልሳነወርቅ የወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈትቶ፣ መርከቧን ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ። ምንይችል አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሦስት ኪሎ ያልኩት እኔ አይደለሁም» አለ አቶ ልሳነወርቅ በቀስታ።

«አውቃለሁ። ማንም አላለም» አለው ምንይችል። «ይኼ ነው የሚያስፈራው።»



«ደንገል» ወደ መገንቢያው ተመለሰች። ላይኛው ፎቅ ወንበሮቹ ተነሡና መንገደኛም ዕቃም እንዳይወጣበት ተዘጋ፣ ታችኛው ነፋስ እንዲገባበት ተከፈተ፣ ሆዷ ውስጥም ክብደት ተጨመረ። የሚዛን መጽሐፉ ከደሴቱ በኩል በሚመጣ ሰው ክብደት እንደገና ተጻፈ። የመንገደኛው ቁጥር ሰባ ሁለት ሆነ። ምንይችል በግንቦት መጨረሻ አነበበው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፤ ልቦና ሃያ ሦስት ጊዜ ቀይ በራች፤ ከዚያ ፈረመ። ሙዚቃ አልነበረም።

በእሱ ላይ የደረሰው ደግሞ ይህ ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ሰነዶች እንደገና እንዲያነብ ተፈረደበት። ልቦና ብቻዋን እንደማትታመን ስለታወቀም፣ ቢሮው «ጠያቂ» የሚባል አዲስ የሥራ መደብ አወጣ፤ ከአንባቢው ጎን ተቀምጦ «ምን ይላል?» የሚል ሰው ማለት ነው። አንድ መቶ አርባ ሰው አመለከተ። ያለፈችው ወይዘሮ ታንጉት ናት። በማመልከቻዋ ላይ የሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ልምድ ጽፋ ነበር። አሁን የድልድዩ ሰነድ ላይ ናቸው። ምንይችል በሳምንት ውስጥ ከገጽ አሥራ አንድ አላለፈም፤ እስከዚያው ድረስ ግን ሁለቱም ድልድዩን አይሻገሩም፣ ዞረው ነው የሚሄዱት።

«ደንገል» ሥራ የጀመረችው በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። አትጠገብ ምንይችልን «የደቅን ማንጎ ሳይቀምሱማ አይቀሩም» ብላ ጠራችው። በሠራተኞቹ በር አስገባችውና እሷ ወደ መሪው ወጣች፤ እሱ ታችኛው ፎቅ መስኮት ዳር ተቀመጠ። ነፋሱ ደስ ይላል። ከእሱ ፊት ለፊት ባዶ ጆንያዋን አጥፋ የተቀመጠችው እማዋይሽ ነበረች።

«ጋሼ» አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነት እውነቱን ንገሩኝ። ደህና ናት?»

ምንይችል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ድሮ ምን ይል እንደነበር ያውቃል። «ተረጋግጧል» ይል ነበር።

«እስከ ሰባ ሁለት ሰው ድረስ ደህና ናት» አላት። «ሰባ ሁለት ሰው፣ እያንዳንዱ ከሠላሳ ኪሎ የማይበልጥ ይዞ፣ ዕቃው ከታች ሆኖ። ይህን ያህሉ ገብቶኛል።»

«እኛስ ስንት ነን?»

በሩ ላይ ያለው ቆጣሪ ሰባ ሁለት ትኬት እንደተቆረጠ ያሳያል። ምንይችል ግን ከመጋቢት ወዲህ ቆጣሪ አያምንም። ተነሣና ከዳር እስከ ዳር እየሄደ በጣቱ ቆጠረ፤ የተኙትን፣ ከእናታቸው ጉያ ያሉትን ሕፃናት ሁሉ ቆጠረ። ሰባ ሁለት። ፈገግ ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፣ ሊቀመጥም ጎንበስ አለ፣ እንደጎነበሰም ቀረ። ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶውን ወንበር አልቆጠረውም። ራሱን አልቆጠረም።

በሠራተኛ በር የገባ ሰው ትኬት የለውም። ሰባ ሦስት ናቸው።

አንድ ሰው ምንም እንደማያመጣ ያውቃል። መጽሐፉ በገጽ ዘጠና ሁለት ላይ ለአራት ሰው የሚሆን ትርፍ እንደተወ ራሱ አንብቧል፤ ገብቶታልም። ግን የፈረመው ሰባ ሁለት ብሎ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። አትጠገብ ከላይ አየችውና በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«ጋሼ! ወዴት ነው? ምን ሆኑ?»

«ሂጂ! ሂጂ፣ በኋላ በጀልባው እመጣለሁ!»

ወደቡ ላይ እግሩ እንዳረፈ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ጆንያ ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ሰው ሲወርድ አይቷልና ዘሎ ሊገባ ሲል ምንይችል ክንዱን ዘርግቶ ከለከለው።

«ሞልታለች» አለው።

«ምን ሞላች? አሁን ሰው ሲወርድ አላየሁም?»

«አይተሃል። ሞልታለች።»

የመሳፈሪያው መሰላል ተነሣ። «ደንገል» ከወደቡ ተላቀቀች፤ ወዲያም ወዲህም ሳትል ቀጥ ብላ ወደ ደሴቱ አቀናች። ገበሬው ጆንያውን ምድር ላይ ወርውሮ ምንይችልን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ የተሰፋውን ሱፍ፣ ቦርሳውን።

«ለመሆኑ አንቱ ማን ነዎት? የመርከቡ ሹም ነዎት?»

ምንይችል የወደቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ለሰውየው ቦታ ለቀቀለት።

«አይደለሁም» አለው። «እኔም እንዳንተው ትርፍ ነኝ።»